መናኸሪያ ላይ በሞንታርቦ መስበክ፦ ድፍረት ወይስ እንቅፋት?

የክርክሩ መሪ፦ ሀዋሳ ላይ በመናኸሪያ፣ በፒያሳና በአውቶቡስ ውስጥ በድምፅ ማጉያ (በሞንታርቦ) የሚሰበከው ወንጌል ይቀጥል ወይስ ይቁም? ስለ ሰዎቹ ሳይሆን ስለ አሠራሩ እንነጋገር።

ወንጌላዊው፦ ይቀጥል። ሐዋርያት ዛቻ ሲደርስባቸው (ሐዋ. 4፥29) የለመኑት ቃሉን በግልጥ ለመናገር እንዲበረቱ ነው። ጳውሎስም አቴና ገበያ ውስጥ ዕለት ዕለት ያስተምር ነበር። የቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይረግጥ ሰው የት ይስማ? ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 እምነትን በግልም በይፋም ማስተማርን ይፈቅዳል። ሰው ይከፋዋል ብለን ዝም ስንል ፍርሃታችንን ትሕትና እያልነው ነው።

የድምፅ ባለሙያው፦ ወንድሜ፣ ጳውሎስን የሰማው ሰው መልስ መስጠት ይችል ነበር። ሞንታርቦ ግን መልስ አያስገባም። ቁጥሩን ልንገርህ። ቀንድ መሰሉ ማጉያ 1 ሜትር ላይ 100 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ቢያወጣ፣ ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ይቀንሳል። 5 ሜትር ላይ 86 ነው፣ 100 ሜትር ላይ 60። የአገራችን ደረጃ ለንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ማታ 55 ነው፤ ለመኖሪያ 55 እና 45። ማታ የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። 86 ዴሲቤል ቀኑን ሙሉ ከተሰማ ጆሮ ይጎዳል፤ አጠገቡ ጀበና ጥዳ የምትውለውን ልጅ አስባት፣ ትታው የምትሄድበት የላትም።

ሌላም አለ። ድምፁ እስከ መጨረሻው ሲከፈት አምፕሊፋየሩ ይቆራርጠዋል፣ ተነባቢዎቹ ይጠፋሉ፤ ራቅ ብሎ የቆመው የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው፣ ቃሉ አይገባውም። የግድ ከሆነ ማጉያውን ከሰው ራስ በላይ ሰቅላችሁ ወደ ታች አዘንብሉት፣ ፊቱን ከሱቆቹ አዙሩ፣ ማይኩን ከማጉያው ኋላ ያዙ (ከፊቱ ከሆነ ያፏጫል)፣ 15 ደቂቃ ተናግራችሁ አቁሙ። ሃያ ሰው ለከበበው ሰባኪ ግን የራሱ ድምፅ ይበቃዋል።

የሕግ ባለሙያው፦ አንቀጽ 27 ንዑስ 5ን እንዳትዘሉት። እምነትን የመግለጽ መብት ለሕዝብ ደኅንነት፣ ለሰላም፣ ለጤናና ለሌሎች መብት ሲባል በሕግ ሊገደብ ይችላል። ቦታውን፣ ሰዓቱንና የኃላፊውን ስልክ ጽፋችሁ ለክፍለ ከተማው አስቀድማችሁ አሳውቁ። በሌላው ሃይማኖት ሥርዓት ላይ በአደባባይ ማፌዝ ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርቷ፦ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ከሩቅ የመጣ ምእመን ነጠላውን አጣፍቶ ሲያልፍ ወረቀት እጁ ላይ አስይዞ «አልዳንክም» ማለት ድፍረት አይባልም። ክርስቲያን መሆኑን እንኳ አልጠየቃችሁትም። አውቶቡስ ውስጥማ ይብሳል፤ ተሳፋሪው ሻሸመኔ እስኪደርስ ወዴት ይወርዳል?

ወንጌላዊው፦ እህቴ፣ የንግሡን ቀን ተቀብያለሁ፤ መቆም አለበት። አደባባዩን ግን አልለቅም።

የሕሙማን አማካሪዋ፦ ድፍረት የሚፈተነው ፊት ለፊት ነው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ሴትን ሴት ታነጋግር። መጀመሪያ አስፈቅዱ፤ ፊልጶስም ጃንደረባውን ያገኘው በጥያቄ ነው፣ ወደ ሠረገላው የወጣውም ሲለመን ነው። ሰውየው ሲዳምኛ የሚቀናው ከሆነ ሲዳምኛ የሚችል ይቅደም። ከተናገራችሁት የሚበልጠውን ጊዜ አዳምጡ። «አይ» ካለ አመስግናችሁ ተለዩ፤ ስልኩን የምትቀበሉት ራሱ ከሰጠ ብቻ ነው፣ ከሰጠም በሳምንቱ ውስጥ ደውሉ። ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፦ ያነጋግራል፣ አይመለስም።

ሆስፒታል ውስጥ ለክፍሉ በሙሉ አይሰበክም፤ የታመመ ሰው ተነሥቶ መውጣት አይችልም። ከሁሉ የከፋው «ተፈውሰሃል፣ መድኃኒቱን ጣለው» የሚለው ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በአብዛኛው 6 ወር ይወሰዳል፣ የኤች አይ ቪ ዕድሜ ልክ። ሲቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን ይለምዳል። ጸልዩለት፣ ክኒኑንም ይዋጥ።

ወንጌላዊው፦ ተስማምቻለሁ። እንግዲያው ፒያሳ ላይ፣ በቀን፣ 15 ደቂቃ፣ ከ65 ዴሲቤል ሳያልፍ፣ የማንንም እምነት ሳንነካ ብንሰብክስ? የሚቃወም አለ?

መምህርቷ፦ ከበዓል ቀን ውጭ ከሆነ አልቃወምም። በአውቶቡሱ ጉዳይ ግን አልስማማም።