የሐዋሳና አዳማ የጋራ የጋላክሲ ስሌት ፕሮፖዛል፦ ሐሳብ እስከ ዓርብ

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ከላይ ተለጥፏል። ጠንከር ያለ ኮምፒውተር እንገዛለን። ጋላክሲን በኮምፒውተር የሚያሰላው ጋጀት 4 ነፃ ስለሆነ ለኮዱ አንከፍልም። አንዲት ትንሽ ጋላክሲ ሁለት ጊዜ እናስኬዳለን፤ አንዴ ሱፐርኖቫው (የከባድ ኮከብ ፍንዳታው) ጠፍቶ፣ አንዴ በርቶ። ውጤቱን ለተማሪዎች እናሳያለን።

መምህርት፦ «እያንዳንዱ ኮከብ ሲወለድ እናሳያለን» የሚለው ይውጣ። ቲኤንጂ 50 የሚባለው ግዙፍ የጋላክሲዎች ስሌት ያን ሁሉ ማሽን ይዞ እንኳ አንዷ የጋዝ ነጥቡ 85 ሺህ ፀሐይ ያህል ትመዝናለች። ገምጋሚው ይስቅብናል። ይልቅ ጥያቄው ይግባ፦ ጋላክሲያችን ፍኖተ ሐሊብ ያን ሁሉ ቀዝቃዛ ጋዝ ይዞ በዓመት በክብደት ከ1 እስከ 2 ፀሐይ የሚያህል ኮከብ ብቻ ለምን ይወልዳል? ለስበት ብቻ ቢተው ጋዙ ድሮ ባለቀ ነበር። ከባድ ኮከብ ሲፈነዳ ግን ዙሪያውን ያሞቀዋል፣ ይበትነዋል። ያልቀዘቀዘ ጋዝ ደግሞ ኮከብ አይሆንም።

የአዳማ ተወካይ፦ ጥሩ። ባነሩ ላይ ግን ሐዋሳ ለምን ይቀድማል?

ሰብሳቢ፦ በፊደል ተራ ነው።

የአዳማ ተወካይ፦ አምናም እንዲሁ ተባልን። ዘንድሮ አንቀበልም።

ገንዘብ ያዥ፦ የአምናው ባነር ሂሳብ ገና አልተወራረደም። ደረሰኙ ያለው ሰው ያምጣ።

የአዳማ ተወካይ፦ ምን ለማለት ነው? እኛ በላነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ማንንም አላልኩም። ደረሰኝ ነው ያልኩት።

የታቦሩ፦ ሁለት ባነር ይሠራ በቃ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከየት መጥቶ? ከኮምፒውተሩ ራም ተቀንሶ?

የአዳማ ተወካይ፦ ባነሩም እናንተ፣ ማሽኑም እናንተ ጋ። እኛ ለጭብጨባ ነው የተጠራነው?

ሰብሳቢ፦ ኧረ ረጋ በል ወንድሜ። ስማችን በክብ ይጻፍ፤ ቀዳሚ የለም።

የአዳማ ተወካይ፦ ክብም ላይ ከላይ የሚጻፍ አለ። እሺ፣ ከላይ እኛ።

ሰብሳቢ፦ ይሁን።

መምህርት፦ ስለ ሱፐርኖቫው የሚናገር የለም? ኮዱን ጭኜ እሞክራለሁ ያለው የአይቲው ልጅስ?

ሰብሳቢ፦ ስልክ አያነሳም። መልእክቱን ግን አይቶታል።

ገንዘብ ያዥ፦ ባነር፣ ምሳና ዩፒኤስ ከገቡ ለኮምፒውተሩ የሚተርፍ የለም።

የታቦሩ፦ የቲኤንጂ ቪዲዮ በነፃ አለ አይደል? ፕሮጀክተር ተከራይተን ማታ ታቦር ተራራ ላይ እናሳይ። ሰው ግልብጥ ብሎ ይመጣል።

መምህርት፦ እሱ ፊልም ማሳየት ነው! ማጥፋትና ማብራቱ የት ገባ?

የአዳማ ተወካይ፦ ታቦርም ሐዋሳ ነው። አዳማም አንድ ምሽት ይኑረን።

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ ሁለት ምሽት። ኮምፒውተሩ «በሁለተኛ ዙር» ተብሎ ይገባል። መምህርት፣ ያንቺ አንቀጽ መግቢያው ላይ ይሁን።

መምህርት፦ ስሌቱ ሳይኖር ምኑን ነው የሚያስገባው? ቢያንስ ከቪዲዮው በፊት አምስት ደቂቃ ስጡኝ።

የታቦሩ፦ ከባነር ምረቃው በኋላ ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ፦ ደረሰኙስ?