የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ተማሪ ክፍል ማስደገም ይጠቅመዋልን?

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ተሁለደሬ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሐይቅ ከተማ አቅራቢያ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ከተማሪዎቼ መካከል የአእምሮ እድገት ውስንነት እንዳለበት በሐኪም የተነገረለት የ12 ዓመት ልጅ አለ። የፊደል ገበታውን ከላይ እስከ ታች በዜማ ይወርደዋል፤ «ለ»ን ብቻዋን ነጥዬ ስጠቁመው ግን ያጣታል። ባልደረቦቼ ማንበብ እስኪችል ድረስ ክፍሉን እየደገመ እንዲቆይ ይመክራሉ። እኔ ግን ዕድሜያቸው ከእሱ በጣም ከሚያንስ ሕፃናት ጋር መቅረቱ ያሳዝነኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር፣ ደሴ

አብሽሪ እህቴ። እኔ ማስደገሙን አልደግፍም፤ ያንኑ ትምህርት በዚያው መንገድ ዳግመኛ መስጠት አምና ያልገባውን ዘንድሮ አያስገባውምና። ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ይለፍ፤ ነገር ግን ከወላጆቹ ጋር ተቀምጣችሁ የግለሰብ የትምህርት ዕቅድ፣ ማለትም እሱ ምን በምን መንገድ እንደሚማር የሚገልጽ የራሱ ዕቅድ፣ አውጡለት። ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑና ጆሮው ይመርመር፤ የማየት ወይም የመስማት ችግር ከውስንነቱ ጋር ተደርቦ ሳይታወቅ የሚቀርባቸው ልጆች ብዙ ናቸው።

ፊደሉን በዜማ መውረዱ የድምፁን ቅደም ተከተል መያዙን እንጂ ቅርጹን መለየቱን አያሳይም። ስለዚህ ገበታውን ለጊዜው አጥፈሽ በስሙ ፊደላት ጀምሪ። እንደ «መ» እና «ተ» ያሉ በመልክ የሚራራቁትን አስቀድሚ፤ «ለ»፣ «ሰ» እና «በ» ስለሚመሳሰሉ በአንድ ሰሞን አታስተምሪያቸው፤ በድምፅ አንድ የሆኑት «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ደግሞ ቆይተው ይምጡ። ትእዛዝ ስትሰጪው አንድ በአንድ ይሁን፤ ከጠየቅሽው በኋላም ዝም ብለሽ ጠብቂው፤ መልሱን እያሰበ ሳለ ጥያቄውን የምንደግምበት ልማድ ሐሳቡን ይበትንበታል።

ባልደረቦችሽን ለማስረዳት ካስፈለገሽ፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት (አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ከሌሎች ጋር አብረው ስለሚማሩበት ሥርዓት) እና ለእያንዳንዱ ተማሪ ሊደረግ ስለሚገባው ማመቻቸት ይደነግጋል።

መልስ፦ እናት፣ ባቲ

እኔ ዳውን ሲንድረም የሚባለው፣ አብሮ የሚወለድና የአእምሮ እድገትን የሚያዘገይ ሁኔታ ያለባት ልጅ እናት ነኝ። መምህሩ የጻፉት እውነት ነው፤ ሆኖም ዕቅዱ የቤቱንም ኑሮ ይጨምር። ልጄ ቀሚሷን መቆለፍ የተማረችው ከመጨረሻው ቁልፍ ተነሥታ ነው፤ እኔ ሌሎቹን እቆልፍላትና የመጨረሻውን ለእሷ እተውላት ነበር፤ እሱን ስትችል ሁለቱን፣ ከዚያም ሦስቱን ተውኩላት። ሥራውን በራሷ እጅ ስለምትፈጽመው ደስ እያላት ቀጠለች። ብሩንም በቀለሙ ለይታ ስላወቀችው፣ ዛሬ የሰኞ ገበያ ላይ አብራኝ ወጥታ ሽንኩርት ትገዛለች። መልስ መቁጠር ገና ይቀራታል።

መልስ፦ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር፣ ደሴ

እመት፣ ምክርዎ ትልቅ ነው። አንድ ስጋት ብቻ ልጨምር፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች «የኑሮ ክህሎት ይበቃዋል» ተብሎ ንባቡ ጨርሶ ሲተው አያለሁ፤ ይህ ልጁን ይጎዳዋል። ቀስ ብለው ማንበብ የሚለምዱ አሉ። «ውሃ»፣ «በር»፣ «ዳቦ» የመሳሰሉ በየዕለቱ የሚያገኛቸው ቃላት በካርቶን ተጽፈው በየዕቃው ላይ ቢለጠፉለት፣ ፊደል ከመለየቱ ጎን ለጎን ቃሉን በሙሉ መልኩ ይለምደዋል።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። የቀረኝ ጥያቄ የውጤቱ ጉዳይ ነው፤ ካርዱን እንዴት ልሙላለት?

መልስ፦ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር፣ ደሴ

ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ሳይሆን ከራሱ ዕቅድ ጋር አነጻጽሪው። «በመስከረም ሁለት ፊደል ይለይ ነበር፤ አሁን ስሙን ያለ ሰው እርዳታ ይጽፋል» የሚል ማስታወሻ በካርዱ ላይ አያይዢ፤ የሦስተኛ ክፍል መምህሩ ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው ከዚያ ነው።