አስቸኳይ! የዓሣ ለምድ የለበሰው ጠባቂ አንገቱ ተሰበረ

እናት፦ እባካችሁ ድረሱልኝ! ልጄ ለነገ የታሪክ ክፍል ከጭቃ የሠራችው የሱመር (የጥንቱ ደቡብ ኢራቅ) የውኃ መንፈስ አሁን ከጠረጴዛ ወድቆ አንገቱ ተቀነጠሰ። የዓሣ ቆዳ ያጠለቀው ነው። በእጁ የያዘው ባልዲም ተላቋል። ልጅቷ እያለቀሰች ነው። በምን ላጣብቀው? ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ታስረክባለች።

ሸክላ ወዳድ፦ እህቴ አይዞሽ። በእሳት ተተኩሷል ወይስ ዝም ብሎ ነው የደረቀው?

ቀልጣፋው፦ ሱፐር ግሉ።

መምህሩ፦ መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። መንፈስ ሳይሆን ጠቢብ ነው። በሱመርኛ አብጋል፣ በአካድኛ አፕካሉ ይባላል። ሰባት ናቸው። የሱመሯ ከተማ የኤሪዱ አምላክ ኤንኪ ከምድር በታች ካለው ጨው አልባ ውኃ፣ ከአብዙ፣ ለሰው ጥበብ እንዲያስተምሩ ላካቸው። የባቢሎኑ ካህን ቤሮሶስ ስለ አንዱ ሲጽፍ ኦአኔስ ይለዋል። ቀን ሲያስተምር ይውልና ጀምበር ስትጠልቅ ባሕር ይገባል።

የድሮ ዕቃ፦ መምህር፣ ስሙ ልክ ነው። ግን ይሄ ምስል የሱመር አይደለም። ዓሣ የለበሱት የሸክላ ምስሎች የአሦርና የባቢሎን ናቸው፤ ሱመር ካከተመ ከ1000 ዓመት በላይ ቆይተው የተሠሩ። ክፉ ነገር እንዳይገባ ሰባት ሰባት እያደረጉ በጡብ ሣጥን ከቤት ወለል ሥር ይቀብሯቸው ነበር። ልጅቷ ከምስሉ ጋር በምታቀርበው ጽሑፍ ላይ «ሱመር» ብቻ ካለች ትሳሳታለች።

እናት፦ አልተተኮሰም፣ በረንዳ ላይ ነው የደረቀው። ወንድሞቼ፣ ታሪኩን ነገ አነባለሁ፣ አንገቱን!!

ቀልጣፋው፦ ሱፐር ግሉ ብያለሁ እኮ።

ጎረቤት፦ የቤት ጠባቂ ከጠረጴዛ ይወድቃል እንዴ? ወለል ሥር ቢሆን ኖሮ 😄

ሸክላ ወዳድ፦ በውኃ እንዳትሞክሪው፣ ይፈርስብሻል። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጊ። ስቴኪኒ ሰብረሽ ግማሹን አንገቱ ውስጥ፣ ግማሹን ጭንቅላቱ ውስጥ ቀስ ብለሽ አስገቢ። ነጭ የእንጨት ኮላ ቀብተሽ በጨርቅ ደግፈሽ አሳድሪው። ባልዲውንም እንዲሁ። ስንጥቁ አያስጨንቅሽ። የጥንቱ የሥርዓት ጽሑፍ ራሱ ጭቃውን ጄሶ ቀቡት፣ የዓሣውን ቅርፊት በጥቁር ሣሉበት ይላል። ጠዋት ወፈር ያለ ጄሶ በስሱ ቀቢበት፣ ሲደርቅ ልጅቷ ቅርፊቱን በጥቁር ቀለም ትሣል።

የድሮ ዕቃ፦ ይሄ ጥሩ ነው። ልጅቷ ጽሑፏ ላይ «ከሱመር የወረሱት የአሦር ጠባቂ» ትበል።

ቀልጣፋው፦ ኮላውም ይሠራል።

ሸክላ ወዳድ፦ እናት፣ ያዘ? ስቴኪኒው ወፍራም ከሆነ በቢላ አቅጥኚው።

ጎረቤት፦ 2 ሰዓት አለፈ። ልጅቷ አቀረበች?