ከካንኩን ወደ ማያዎች ፍርስራሽ የአንድ ቀን ጉዞ፦ የትኛው አማራጭ ያዋጣል?

ለዕረፍት ሜክሲኮ ወዳለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ ወደ ካንኩን የሚሄዱ ወዳጆቼና ዘመዶቼ ቲኬት በቆረጡ ማግሥት ደውለው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። ከባሕር ዳርቻው አንድ ቀን ቀንሰው የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ማያዎች የሠሩትን ጥንታዊ ከተማ ለማየት ቢፈልጉ፣ ገንዘባቸውም ቀናቸውም ሳይባክን በምን መሄድ እንደሚሻላቸው ማወቅ ይፈልጋሉ። እኔ ከእነዚህ ከተሞች ዝነኛዋን ቺቼን ኢትዛን ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ፤ መጀመሪያ ከሆቴል በሚነሣ ትልቅ አውቶቡስ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ቫያዶሊድ በምትባል ትንሽ ከተማ አድሬ። ልዩነቱ ሰፊ ስለነበረ ምክሬን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ጉልበት ያለው ሰው ቫያዶሊድ ይደር፤ አረጋውያን ወላጆቹን ወይም ሕፃናት ይዞ የሚሄድ የግል ሚኒባስ ከነሾፌሩ ይከራይ፤ ትልቁን አውቶቡስ ግን ሌላው ሁሉ ሳይመች ሲቀር ብቻ ይሳፈር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሰዓቶች በአገሩ አቆጣጠር የተጻፉ ስለሆኑ፣ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ስል የእኛ 2 ሰዓት ማለቴ ነው።

በመጀመሪያው ጉዞ የወሰደንን ድርጅት ስም አልጠራም። ከሆቴላችን በር በ7 ሰዓት ተነሣን፤ ሆኖም ሆቴል ለሆቴል እየዞርን ሰው ስንጭን፣ ቀጥሎም አንድ ሰፊ መናኸሪያ ወርደን በየቋንቋችን ተመድበን ሌላ አውቶቡስ ስንሳፈር አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። መንገዱ ራሱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱ ሳያንሰን መሀል ላይ «የማያ መንደር» ወደተባለ ቦታ አስገቡን፤ መንደር የተባለው ግን የብር ጌጣጌጥና ከባልጩት የተቀረጹ ምስሎች የሚሸጡበት መደብር ሆኖ ተገኘ፤ እዚያም ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆየን። ፍርስራሹ ዘንድ የደረስነው ፀሐይዋ አናት ላይ ከወጣች በኋላ ነበር። አስጎብኚው በእስፓኝኛና በእንግሊዝኛ እያፈራረቀ አርባ ደቂቃ ያህል ከተናገረ በኋላ፣ «አሁን አርባ አምስት ደቂቃ ነፃ ጊዜ አላችሁ» ብሎን ወደ ጥላው ሄደ። ዐሥራ ሁለት ሰዓት የፈጀ ጉዞ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ቅርሱን ያየንበት ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። በማስታወቂያው ላይ ርካሽ የመሰለው ዋጋም የመግቢያ ክፍያውን እንደማይጨምር ያወቅነው አውቶቡሱ ውስጥ ገንዘብ ሲሰበሰብ ነው። መግቢያው ሁለት ክፍያዎች አሉት፤ አንዱ ለፌዴራሉ የቅርስ ተቋም፣ ሌላው ፍርስራሹ ለሚገኝበት ለዩካታን ክልል መንግሥት የሚከፈል ሲሆን፣ ለውጭ አገር ጎብኚ ድምሩ ከ600 ፔሶ በላይ ነው።

እንዲህም ሆኖ አውቶቡሱን መያዝ ግድ የሚሆንበት ሰው አይጠፋም፤ ብቻውን የሚጓዝ፣ መኪና የማይነዳ፣ ለሌላ አዳር ጊዜ የሌለው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ያረጋግጥ፦ ከፍርስራሹ በር ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደረስ፣ ቅጥሩ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ሁለቱም የመግቢያ ክፍያዎች በዋጋው ውስጥ መካተታቸውን። ስለ ምሳውና ስለ መዋኛው ብዙ እያወራ የመድረሻውን ሰዓት የሚሸፋፍን ሻጭ፣ እኩለ ቀን ላይ እንደሚያደርስዎት አስቀድመው ይወቁ።

ሁለተኛው ጉዞ ሌላ ነበር። አዶ በሚባለው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ከካንኩን ተነሥተን ከሁለት ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ቫያዶሊድ ገባን። ከተማዋ በቀለም ያሸበረቁ ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች ያሏት፣ ማታ ማታ ሰዉ አደባባይዋ ላይ ወጥቶ የሚነፍስባት ጸጥ ያለች ከተማ ናት፤ ሴኖቴ ከሚሏቸው የተፈጥሮ የውኃ ጉድጓዶች አንዱም መሀል ከተማው ውስጥ አላት። በማግሥቱ ጠዋት ኮሌክቲቮ በሚሏት፣ የእኛን አገር ሚኒባስ ታክሲ በምትመስልና ስትሞላ በምትነሣ መኪና ተሳፍረን፣ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ተጉዘን በሩ በ8 ሰዓት ሲከፈት ተሰልፈን ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር አለ፤ ካንኩን የምትገኝበት ኪንታና ሮ የተባለው ክልል ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዩካታን በአንድ ሰዓት የሚቀድም አቆጣጠር ይጠቀማል። ስለዚህ በጠዋት ከካንኩን የሚነሣ ሰው አንድ ሰዓት ያተርፋል፤ ሲመለስ ደግሞ ያችኑ ሰዓት ይከፍላል። ማታ አውሮፕላን ያለው ሰው ይህን ሳይቆጥር እንዳይቀር።

በሩ ላይ የቀጠርነው አስጎብኚ በዕድሜ ገፋ ያለ፣ አፉን የፈታው በማያ ቋንቋ የሆነ ሰው ነበር። ኩኩልካን ከተባለው ፒራሚድ ደረጃ ፊት ለፊት አቆመንና አንድ ጊዜ ብቻ አጨበጨበ። ከድንጋዩ ነጥሮ የተመለሰው ድምፅ ጭብጨባ አልነበረም፤ ተስቦና ቀጥኖ፣ ልክ እንደ ወፍ ጩኸት ሆኖ መጣ። ኬትዛል የምትባለው አረንጓዴ ላባ ያላት ወፍ ድምፅ ነው ይሉታል። ያን ጠዋት ሜዳው ላይ ከሃያ ሰው አንበልጥም ነበር። በመጀመሪያው ጉዞዬ በዚያው ቦታ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ያጨበጭብ ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ስለመኖሩም የሰማሁት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወደ ቁጥሩ ገባ። ፒራሚዱ በአራቱም ጎን 91 ደረጃዎች አሉት፤ የላይኛው መድረክ ሲታከልበት 365 ይሆናል። ዘጠኙ እርከኖች በደረጃው ግራና ቀኝ ሲከፈሉ 18 ይሆናሉ፤ የማያዎች ዓመትም 18 ወራት ያሉት፣ እያንዳንዱ ወር 20 ቀናት የሆነ ነው። ይህ 360 ስለሚሆን፣ ዋዬብ የሚሏቸው አምስት ቀናት በመጨረሻ ይጨመራሉ። አብረውን የነበሩት ሁለት ካናዳውያን ወር ያልሆነ ጭማሪ እንዴት እንደሚኖር ሊገባቸው አልቻለም፤ እኔና ባለቤቴ ግን እኩል «ጳጉሜን!» ብለን ተሳሳቅን። ሽማግሌው ምን እንዳልን ጠየቀን፤ ስንነግረው ተደስቶ ወሮቻችንን በስማቸው አስቆጠረን። ማያዎች ግን እነዚያን አምስት ቀናት እንደ ክፉ ቀን ይፈሯቸው እንደነበረ ነገረን፤ እንደ እኛ በሩፋኤል ዝናብ የሚጠመቁባቸው አይደሉም።

ስለ አስጎብኚ ምርጫ ትንሽ ልበል፤ የጉዞው ዋጋ የሚለካው በእርሱ ነውና። ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚዎች ከአገሪቱ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት የተሰጠ ፎቶግራፍ ያለበት መታወቂያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ሒሳቡ የሚከፈለው በነፍስ ወከፍ ይሁን በቡድን፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስረዳና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ከመግባትዎ በፊት ይስማሙ፤ ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር ተደምሮ መክፈልም ይቻላል። እኔ አንድ መፈተኛ ጥያቄ አለኝ። ጥንት ማያዎች ይጫወቱበት በነበረው በታላቁ የኳስ ሜዳ ግድግዳ ላይ አንገቱ የተቀላ ተጫዋች ተቀርጿል፤ ከአንገቱ የሚፈሰው ደም እባብ ሆኖ ይታያል። የተሠዋው ያሸነፈው ነው ወይስ የተሸነፈው? ብለው ይጠይቁ። ያለ ማመንታት «አሸናፊው ነው» ብሎ ታሪክ የሚደረድር ሰው ለቱሪስት የሚጣፍጠውን እየሸጠ ነው፤ ምሁራን በዚህ ላይ ስላልተስማሙ፣ ጥሩ አስጎብኚ አለመስማማታቸውን ይናገራል። 168 ሜትር የሚረዝመውን ያን ሜዳ ያለ አስረጂ ያየ ሰው ሁለት ረጃጅም ግንቦች አይቶ ከመመለስ የተለየ ነገር አያገኝም። «ማያዎች ጠፉ» የሚልም ካጋጠመዎት ይጠንቀቁ፤ የዩካታንን ማያ ቋንቋ የሚናገሩ ከ7 መቶ ሺህ በላይ ሰዎች ዛሬም ሜክሲኮ ውስጥ አሉ። ስንለያይ ሽማግሌው ያስተማረን ምስጋና «ዲዮስ ቦኦቲክ» የሚል ነበር፤ ፍቺው «እግዚአብሔር ይክፈልልኝ» ነው አለን፤ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ ላደገ ሰው ከዚህ የሚቀል ቃል የለም።

እናቱን ወይም አባቱን ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ የግል ሚኒባሱን የምመርጠው ስለ ምቾቱ ብቻ አይደለም። ሰዓቱ በእጅዎ ይሆናል፤ ከካንኩን 5፡30 ላይ ተነሥቶ በሩ ሲከፈት መድረስ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ መውጣት ይቻላል። ለአምስትና ለስድስት ሰው ሲካፈል ዋጋው ከአውቶቡሱ ያን ያህል አይርቅም። ፒራሚዱ ላይ መውጣት ከተከለከለ ቆይቷል፤ ስለዚህ አረጋውያን «አልወጣሁም» ብለው የሚቆጩበት ነገር የለም፤ መሬቱም በአብዛኛው ሜዳማ ነው። ፈተናው ፀሐዩ ነው፤ ጥላ በጣም ትንሽ ስለሆነ ጃንጥላ መያዝ አያሳፍርም። ከፍርስራሹ 3 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ኢክ ኪል የተባለው ሴኖቴ ግን የውኃው ገጽ ከመሬት 26 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ በመሆኑና ደረጃው እርጥብ ስለሆነ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ከላይ ሆነው ቢያዩት ይሻላል። ለሚዋኙት ደግሞ ከመግባት በፊት ሰውነትን መታጠብ ግዴታ ነው፤ ቅባት የተቀባ ሰው ውኃውን ያበላሻልና።

ማያ ባቡር የሚባለው በታኅሣሥ 2023 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ቺቼን ኢትዛም ቫያዶሊድም ጣቢያ አላቸው። ጣቢያዎቹ ግን ከሆቴሎቹም ከፍርስራሹም ስለሚርቁ በሁለቱም ጫፍ ሌላ መኪና ያስፈልጋል፤ ለአንድ ቀን ጉዞ አልመክረውም። መኪና ተከራይቶ መንዳትም ይቻላል፤ ፈጣኑ መንገድ ጠንከር ያለ ቀረጥ ያስከፍላል፤ ነፃው መንገድ በየመንደሩ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለው። በኢንተርኔት የሚታየው እጅግ ርካሽ የኪራይ ዋጋ በሕግ ግዴታ የሆነውን የሦስተኛ ወገን መድን ስለማይጨምር፣ መኪናውን ሲረከቡ ሒሳቡ በእጥፍ ቢመጣ አይደንግጡ።

ከቺቼን ኢትዛ ሌላ ለሚሻ ሰው፣ ቱሉም ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ገደል ላይ የተሠራች በመሆኗ ለፎቶግራፍ አቻ የላትም፤ ትንሽ ስለሆነች ግን ግማሽ ቀን ይበቃታል። ልጆች ላሉት ቤተሰብ እኔ ኮባን አስቀድማለሁ፤ ፍርስራሹ ጫካ ውስጥ ተበታትኖ ስለሚገኝ ብስክሌት ተከራይቶ ወይም በሦስት እግር ብስክሌት ተሳፍሮ በዛፍ ጥላ ሥር ይዞራል። ከዚያው የሚነሣው በነጭ ድንጋይ የተነጠፈው ጥንታዊ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቅ ነበር፤ ኖሆች ሙል የተባለው ፒራሚዱም 42 ሜትር ስለሚሆን ከኩኩልካን ይበልጣል። ኡሽማል በቅርጻ ቅርጹ ከሁሉም የረቀቀ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን መነሻው የዩካታን ዋና ከተማ ሜሪዳ እንጂ ካንኩን ሊሆን አይገባም።

ስለ ምሳ ሳልናገር ባልፍ ይታዘቡኛል። በጉዞው ዋጋ ውስጥ የሚካተተው ምሳ ብዙ ጊዜ ተሰልፎ የሚነሣ ሲሆን፣ የአካባቢው ዝነኛ ምግብ ኮቺኒታ ፒቢል በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል የአሳማ ሥጋ ነው። ቀይ ቀለሙና ሽታው ወጥ ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ይጨልፋል። ጿሚ ከሆኑ ደግሞ ጥቁሩ ባቄላ እንኳ በአሳማ ስብ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል «ማንቴካ አለው?» ብለው ይጠይቁ። ሲኪል ፓክ የሚሉት፣ ከተፈጨ የዱባ ፍሬና ከቲማቲም የሚሠራው ማጥቀሻ ግን ከበቆሎ ቂጣ ጋር ያለ ሥጋት የሚበላ፣ የጾም ምግብ ለለመደ ሰው የሚጥም ነው።

በመጨረሻ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙትን የሚመለከት ነገር አለ። ሜክሲኮ ለመግባት ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ ሆኖም ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ ቪዛ ወይም የአሜሪካ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ያለ ሜክሲኮ ቪዛ መግባት ይችላል፤ የካናዳ፣ የእንግሊዝ፣ የጃፓንና የሸንገን አገሮችም እንዲሁ። የጉዞውን ቀን ሲመርጡ እሑድን ይተዉ፤ በዚያ ቀን መግቢያው ለሜክሲኮ ዜጎች ነፃ ስለሆነ ሰልፉ ይረዝማል።