የጊታር ትምህርቶቼን በደረጃ መደርደር አቃተኝ
ጊታርን በጣት መጫወት ለሚጀምሩ ተማሪዎቼ ያዘጋጀኋቸውን 24 ትምህርቶች ከቀላል ወደ ከባድ ለመደርደር ሁለት ሳምንት ታገልኩ፤ አልሆነልኝም። ለቀኝ እጅ የቀለለው ለግራው ይከብዳል። ኤፍ ኮርድን በባሬ፣ ማለትም በአንድ የግራ እጅ ጣት ብዙ ክሮችን አንድ ላይ ተጭኖ መያዝ ጀማሪን ያሠቃያል፤ ክሮቹን በቀኝ እጅ በየተራ መንካቱ ግን ቀላል ነው። በትራቪስ አጨዋወት ደግሞ ግራ እጅ ሲ ኮርድን ብቻ ቢይዝም፣ አውራ ጣት የባስ ክሮችን እያፈራረቀ ሳያቋርጥ ሲመታ ሌሎቹ ጣቶች ዜማውን በምቶቹ መካከል ማስገባት አለባቸው።

ከሁሉም ያስጨነቀኝ ትዝታ ነው። ቅኝቱ 5 ድምፆች ብቻ ስላሉት ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች መደብኩት፤ የዜማው ጌጥ ሲጨመር ግን ጎበዞቹም ተደናቀፉ። አንዲት ታዳጊ በዚህ ተስፋ ቆርጣ ትምህርቱን ተወች፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያስተማራችሁ ሰዎች፣ ለሁለቱ እጆች የተለያየ ደረጃ ትሰጣላችሁ? ትዝታንስ የት ታስቀምጡታላችሁ? እባካችሁ እርዱኝ።