በተራራ ላይ ባለ የታይምሼር ሪዞርት ቤተሰብን በአነስተኛ ወጪ ስለማሳረፍ

ጥያቄ፦ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቻችን ጋር፣ ሰዎች በየዓመቱ የተወሰነ ሳምንት የመጠቀም መብት በሚገዙበት አንድ ተራራማ የታይምሼር ሪዞርት ለማረፍ አስበናል። መብቱን ሳንገዛ ወጪውን የምንቀንስበት መንገድ ካለ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ይቻላል። ሳምንታቸውን የማይጠቀሙበት ባለመብቶች ቢያንስ ዓመታዊውን የጥገና ክፍያ ለመሸፈን ሲሉ ስለሚያከራዩት፣ ዋጋው ሪዞርቱ ራሱ ከሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ያንሳል። ሆኖም ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ክፍሉ በእርስዎ ስም መያዙን ለሪዞርቱ ደውለው ያረጋግጡ፤ የጽዳትና የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ለብቻው ይታሰብ እንደሆነም ይጠይቁ። የበረዶ መንሸራተቻው ወቅት ካበቃ በኋላ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ከመጀመሩ በፊት ያሉት ሳምንታት ይረክሳሉ።

መልስ 2፦ በእኔ አስተያየት ትልቁ ቁጠባ ያለው ወጥ ቤቱ ላይ ነው፤ አምስት ሰው በየቀኑ ምግብ ቤት ሲመገብ ወጪው ከኪራዩ ሊበልጥ ይችላል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም (እኛ ይህን የተረዳነው ባቄላው እስከ ማታ አልበስል ሲለን ነው)።

መልስ 3፦ ቅናሽ ወይም ስጦታ ተሰጥቷችሁ የሽያጭ ገለጻ እንድትሰሙ ብትጋበዙ አትቀበሉ። ከልጆች ጋር ግማሽ ቀን ታባክናላችሁ።