ከኮሌጅ የቅጣት ደብዳቤ አለኝ፤ የሜዲካል ስኩል ማመልከቻ ላይ ልጻፈው?

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ይቅርታ። ባሳጥረው ግን ትክክለኛውን ምክር የማገኝ አይመስለኝም።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት በ13 ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ሜዲካል ስኩል ላመለክት ነው። የመግቢያ ፈተናውን፣ ኤምካትን፣ ተፈትኛለሁ። የድጋፍ ደብዳቤዎቼም ደርሰዋል። አምካስ በሚሉት የጋራ ማመልከቻ ላይ ሁሉንም ሞልቼ አንድ ጥያቄ ላይ ቆሜያለሁ። ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ከፍቼ አየዋለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ።

ጥያቄው ኢንስቲትዩሽናል አክሽን የሚሉት ነው። የተማርሽበት ኮሌጅ በትምህርት ድክመት ወይም በሥነ ምግባር ጥፋት እርምጃ ወስዶብሽ ያውቃል ወይ ይላል። መልሱ አዎ ወይም አይ ነው።

የሆነው ይኸውላችሁ። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት የኬሚስትሪ ላብ ነበረኝ። ያን ሴሚስተር አባቴ ወገቡን ታሞ ታክሲውን አቁሞ ስለነበር፣ እኔ ማታ ማታ ካፌ እሠራ ነበር። የዚያን ቀን ላቡ ቲትሬሽን ነው፤ አንዱን ፈሳሽ በሌላው ላይ እያንጠባጠቡ ጥንካሬውን መለካት ማለት ነው። ቡሬት ከሚባለው ቁጥር ያለበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ጠብታ በጠብታ እየለቀቅን፣ ፈሳሹ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሲሆን አቁመን፣ ቁጥሩን እስከ ሁለተኛው ዴሲማል አንብበን እንጽፋለን። ሦስት ጊዜ ይደገማል። እያንዳንዳችን በየራሳችን ቡሬት ነው የምንሠራው። እኔ አርፍጄ ገባሁ። አንዱን ብቻ ሠራሁ፣ እሱም አልፎብኝ ደማቅ ሮዝ ሆነ። ልንወጣ ስንል አጠገቤ የምትሠራውን ልጅ ደብተር ፎቶ አነሳሁ። ፈቅዳልኝ ነው። ማታ ሪፖርቱን ስጽፍ ሦስቱንም ቁጥሮቿን እንዳሉ ገለበጥኳቸው። 23.45፣ 23.50፣ 23.40። እስካሁን በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

የላቡ ረዳት አስተማሪ፣ ቲኤው፣ ወዲያው ነው ያወቀው። ሁለት ሰው በሁለት ቡሬት ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር አያነብም። የዲን ቢሮ ተጠራሁ። አንድ ሰውዬ ፊት 20 ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። አልካድኩም። ለሪፖርቱ ዜሮ ተሰጠኝ፣ አንድ ሴሚስተር ፕሮቤሽን (በክትትል ሥር) ላይ ሆንኩ፣ ደብዳቤ ፈርሜ ወጣሁ። ትራንስክሪፕቴ ላይ ምንም የለም። ሰውዬውም ያኔ «ትራንስክሪፕትሽ ላይ አይወጣም» ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ አንድም ችግር የለብኝም።

የአክስቴ ልጅ «እብድ ነሽ እንዴ? አይ በያቸውና እለፊ» ትለኛለች። አባቴም እናቴም ይህን ነገር አያውቁም። እናቴ ነርሲንግ ሆም የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ የምትንከባከባቸው ሽማግሌዎች ሁሉ ልጇ ሐኪም ልትሆን እንደሆነ ያውቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ትልልቆቹ ሴቶች «ዶክተር» እያሉ ነው የሚስሙኝ። ይህ ሁሉ ሰው ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል።

ትራንስክሪፕት ላይ የሌለ ነገር የመጻፍ ግዴታ አለብኝ? ከጻፍኩስ አለቀልኝ ማለት ነው? በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ከቨርጂኒያ

እህቴ፣ እኔ ብሆን አልጽፍም። ለክፋት አይደለም የምልሽ። ብዙ ሺህ ሰው ነው የሚያመለክተው። እነሱ የሚፈልጉት የሚጥሉበትን ምክንያት ነው፤ አንቺ ደግሞ አዘጋጅተሽ ልትሰጫቸው ነው። ትራንስክሪፕት ላይ ከሌለ የለም ማለት ነው። አንድ የላብ ሪፖርት እኮ ነው፣ ሰው አልገደልሽ። ወንድሜ ፋርማሲ ሲያመለክት እንዲህ ያለ ነገር ነበረበት፤ አልጻፈም፣ ማንም አልጠየቀውም፣ ዛሬ እየሠራ ነው። እናትና አባትሽ ስንት ለፍተው ነው እዚህ ያደረሱሽ? ገመናን መሸፈን በእኛ አገር ነውር አይደለም።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት (ስፔሻላይዝ እያደረገ ያለ ሐኪም)፣ ሁለተኛ ዓመት

እኔ አዎ ብዬ ጽፌ የገባሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ የራሴን ልንገርሽ።

ኮሌጅ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ዶርም ውስጥ ቢራ ይዘን ተያዝን። 19 ዓመቴ ነበር፣ ሕጉ 21 ነው። ማስጠንቀቂያና የአንድ ቀን ትምህርት ነበር ቅጣቱ። ለማመልከቻው መጀመሪያ የጻፍኩት ማብራሪያ ግማሹ ስለ ክፍል ጓደኞቼ ነበር። ቢራውን ማን እንዳመጣው፣ እኔ ስንት እንደጠጣሁ። አንድ አስተማሪዬ አንብባ «ይሄን ጽሑፍ የጻፈው ልጅ አሁንም የዲኑ ቢሮ ውስጥ ነው ያለው» አለችኝ። ቀደድኩትና በስድስት አረፍተ ነገር ጻፍኩት።

አራት ቦታ ለኢንተርቪው ተጠራሁ። ሁለቱ ስለዚህ ጉዳይ ጠየቁኝ። አንደኛው ቦታ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሌላው ቦታ ያገኘኋቸው ሐኪም ትልቅ ሰው ናቸው። «በማግስቱ ምን አደረግህ?» አሉኝ። አልተዘጋጀሁበትም። ዝም አልኩ፤ ከዚያ እውነቱን ነገርኳቸው። በማግስቱ ምንም አላደረግሁም፣ አፍሬ ተኛሁ። ከሳምንት በኋላ ነው ለዶርሙ ኃላፊ ሄጄ ይቅርታ የጠየቅሁት። የተቀበለኝ ያ ትምህርት ቤት ነው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። አልዋሽሽም፣ ያንቺ ከእኔ ይከብዳል። ቢራና ቁጥር አንድ አይደሉም። ለምን እንደሚከብድ የገባኝ ሬዚደንት ከሆንኩ በኋላ ነው። ሌሊት ተረኛ ስሆን 15 እና 20 ሕመምተኛ በእኔ እጅ ነው። የአንዱን የደም ፖታሲየም መጠን ሌላ ሰው ነግሮኝ መድኃኒት አዝዛለሁ። የሌላዋን ሽንት ስንት ሚሊ ሊትር እንደወጣ ነርሷ የጻፈችውን አይቼ መድኃኒት እቀንሳለሁ። ሁሉንም ሄጄ ራሴ አልለካም፣ አይቻልምም። ያ ቁጥር ያልተለካ ቁጥር ቢሆን ሕመምተኛው ይጎዳል፣ እኔም አላውቅም። የሚጠይቁሽ ለዚህ ነው። አንድ ሰው ደክሞት፣ ማንም ሳያየው፣ ያላነበበውን ቁጥር ይጽፋል ወይ? አንቺ አንዴ ጽፈሻል። ስለዚህ ሊሰሙ የሚፈልጉት አሁን ደክሞሽ ስትሆኚ ምን እንደምታደርጊ ነው።

ከቨርጂኒያ ለጻፍከው ወንድሜ፣ አሳቢነትህ ይገባኛል። ግን «አይ» የምትባለው ቃል አንዴ ተጽፋ አታበቃም። ሬዚደንሲ ስታመለክት ያለፈ ታሪኳን እንደገና ልትጠየቅ ትችላለች። ለፈቃድ ስታመለክትም የስቴቱ ቦርድ የራሱ ጥያቄ አለው። ያኔ ከጥፋቱ ይልቅ የሚጎዳት ውሸቱ ነው። ገብታ ሦስተኛ ዓመት ላይ ቢታወቅ ሊያስወጧት ይችላሉ። የትምህርት ዕዳው ደግሞ እዚያው ይቆያል። ያን ሁሉ ዓመት በሰቀቀን እንድትኖር አልመክራትም።

መልስ፦ ኮሌጅ ውስጥ የተማሪዎች አማካሪ የነበረች

ስሜቱን ሌሎቹ ጽፈውታል፤ እኔ ሥራውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቢው። አምካስ እርምጃው ትምህርትሽን ያላቋረጠ ቢሆንም፣ ትራንስክሪፕት ላይ ባይወጣም፣ ከዚያ የተሰረዘ ቢሆንም እንኳ አዎ ማለት አለብሽ ይላል። ቁርጥ ያለ ነው። የዲን ቢሮው ሰውዬ «ትራንስክሪፕት ላይ አይወጣም» ሲልሽ አልዋሸሽም፤ ግን የተጠየቅሽው ስለ ትራንስክሪፕት አይደለም። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ልጆች አይቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ከማስታወስሽ አትጻፊ። ፋይልሽን ጠይቂ። ፌርፓ የሚባለው የ1974 ሕግ የራስሽን ፋይል የማየት መብት ይሰጥሻል፤ ኮሌጁ ቢበዛ በ45 ቀን ውስጥ ሊያሳይሽ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ከዚያ በጣም ይፈጥናል። ጥፋቱ በምን ስም እንደተመዘገበ እይ። አንቺ «ፕሮቤሽን» ብለሽ ትጽፊና ፋይሉ «ማስጠንቀቂያ» ቢል፣ ወይም ተገላቢጦሽ ቢሆን፣ የደበቅሽ ያስመስልብሻል። አንዳንድ ሜዲካል ስኩሎች ከተቀበሉሽ በኋላ ከዲንሽ ቢሮ ማረጋገጫ ያስመጣሉ። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ነገር ማውራት አለባቸው።

ለማብራሪያው የተሰጠሽ ቦታ 1,325 ፊደል ነው፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ሞልተሽ መጨረስ የለብሽም። ምን እንዳደረግሽ በመጀመሪያው አረፍተ ነገር ይውጣ። «ያልተገባ ሁኔታ ተፈጠረ» አትበይ፤ «ቁጥር ገለበጥኩ» በይ።

የኦስቲዮፓቲክ (ሌላው ዓይነት የሐኪም ዲግሪ የሚሰጡ) ትምህርት ቤቶችና የቴክሳስ ማመልከቻዎች ለብቻቸው ናቸው። እዚያም ካመለከትሽ የየራሳቸውን ጥያቄ በየራሱ ቃል አንብቢ። የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉልሽንም ሰዎች አስታውሺ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ካንቺ ይስሙት።

መልስ፦ እናት ከአሌክሳንድሪያ

ልጄ፣ እኔ ስለ ማመልከቻው አላውቅም። ስለ እናትሽ ግን ልንገርሽ።

የእኔ ልጅ ኮሌጅ ውጤቱ ወርዶ አንድ ዓመት እንዲያቋርጥ ተደርጎ ነበር። አልነገረኝም። በየቀኑ ቦርሳውን አንግቦ ይወጣል። ምሳ እቋጥርለታለሁ። ላይብረሪ ውሎ ይመጣል። ሰባት ወር እንደዚያ ሆነን ኖርን። ያወቅሁት በሰው ነው። የወደቀበት ነገር ያን ያህል አልጎዳኝም። የቋጠርኩለትን ምሳ ብቻውን ተቀምጦ ሲበላ ሳስበው ነው ያንገበገበኝ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

እናትሽ የሌሊት ሠራተኛ ናት፤ እኔም ነበርኩ። ከሥራ ስትገባ በር ላይ እንዳትነግሪያት። ትተኛ። ስትነሳ ቡና አፍይላት። አባትሽም ይኑር። ለእሱ ብቻውን ወይም ለእሷ ብቻዋን ነግረሽ አንዱን የሌላው ምስጢር ጠባቂ አታድርጊ። ያኔ አባትሽ ታሞ ስለ ቤቱ ብለሽ ስትሠሪ እንደነበር እነሱም ያውቃሉ። እግዚአብሔር ይርዳሽ።

መልስ፦ ጠያቂዋ፣ ከአምስት ቀን በኋላ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ከቨርጂኒያ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ አንተንም ጭምር። አስበህልኝ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነገርኳቸው። የአሌክሳንድሪያዋ እማማ፣ ልክ እንዳሉኝ እናቴ ተኝታ ስትነሳ ቡና አፈላሁ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ጀመርኩ። አባቴ ዝም ብሎ ሲኒውን እያዞረ ሰማኝ። ሲቆይ «ያን ሥራ በእኔ ወገብ ምክንያት ነው የገባሽው» አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። አይደለም አባዬ፣ ቁጥሩን የገለበጥኩት እኔ ነኝ አልኩት። ያንን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

እናቴ ያለችው ግን ያልጠበቅሁትን ነው። «ያቺ ልጅስ? ደብተሯን የሰጠችሽ?» አለችኝ። ልጅቷም ተጠርታ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ይህን ከላይ ስጽፍላችሁ አልነገርኳችሁም። አላስታወስኩትምና አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ በኮሪደር ስንተላለፍ አንገቴን እየደፋሁ ነው ኮሌጁን የጨረስኩት። እናቴ ይህን ስትሰማ ሲኒዋን አስቀመጠች። «ሳትደውዪላት ማመልከቻ እንዳትልኪ» አለች።

እሑድ ደወልኩላት። ነርስ ሆናለች። ትንሽ ዝም አለችና «እኔ እኮ ተናድጄብሽ ነበር፣ ስለ ወረቀቱ አይደለም፣ ዞር ብለሽ ስላላየሽኝ ነው» አለችኝ። ብዙ አወራን።

ሰኞ ፋይሌን ጠየቅሁ። በዚህ ሳምንት እንልክልሻለን ብለውኛል። ማብራሪያውን በእንግሊዝኛ ጀምሬያለሁ፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ በኬሚስትሪ ላብ ያልሠራኋቸውን ሦስት የቲትሬሽን ውጤቶች ከሌላ ተማሪ ደብተር ገልብጬ የራሴ አድርጌ አቀረብኩ። ስጠየቅ አምኛለሁ። ለሪፖርቱ ዜሮ ተሰጠኝ፣ አንድ ሴሚስተር ፕሮቤሽን ላይ ነበርኩ። ጥፋቴ ደብተሯን ያሳየችኝን ተማሪም አስቀጥቷል። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በአንድ የምርምር ላብ ስሠራ የተበላሸ ሙከራ ሲያጋጥመኝ ተበላሸ ብዬ እጽፋለሁ።» የመጨረሻው እውነት ነው፤ የላብ ኃላፊዬ ደብተሮቼን አይታለች። ዛሬ ለእሷም ነገርኳት። ደብዳቤዋን እንደማትቀይር፣ ከተጠየቀችም እንደምትመሰክርልኝ ነገረችኝ።

ስለ ማታ ሥራው አንድ አረፍተ ነገር ነበረኝ። ሦስቴ አስገብቼ ሦስቴ አወጣሁት። አሁን የለም። ሬዚደንቱ ወንድሜ፣ ልክ ነኝ?

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት

ልክ ነሽ፣ ተይው። ኢንተርቪው ላይ «ያኔ ሕይወትሽ እንዴት ነበር?» ብለው ከጠየቁሽ ያኔ ትነግሪያቸዋለሽ። «ስጠየቅ አምኛለሁ» የሚለውን ግን ፋይሉ ሲመጣ አመሳክሪው። እነሱም እንደዚያ ብለው ከጻፉት ይቆይ።

መልስ፦ ጠያቂዋ

ፋይሉ ዛሬ ደረሰ። «ተማሪዋ ወዲያው አምናለች» ይላል። ቅጣቱም ልክ እንደማስታውሰው ነው። አዎ የሚለውን አሁን ነካሁት። ማብራሪያውን ነገ ጠዋት እናቴ ከሥራ ስትገባ አብረን አንብበን እልካለሁ።